በጆሯችሁ ልንገራችሁ፦ ከታይምሼር ጠረጴዛ ማዶ

ላስ ቬጋስ ካዚኖ መተላለፊያ ላይ ቆሞ «የሾው ቲኬት በነጻ ልስጣችሁ?» የሚላችሁ ፈገግተኛ ልጅ የሆቴሉ ሠራተኛ አይደለም። ታይምሼር የሚሸጥ ድርጅት ያቆመው ነው። የሚከፈለውም ባልና ሚስት አሳምኖ ወደ ሪዞርቱ በላከ ቁጥር ነው። ባለትዳር ናችሁ? ሁለታችሁም ትሠራላችሁ? ክሬዲት ካርድ ይዛችኋል? ከየት ከተማ መጣችሁ? እነዚህን በጨዋታ መሃል ጣል ጣል ያደርጋቸዋል፤ መልሱ ካልጣመው ቲኬቱም አብሮ ይጠፋል። እዚያ መተላለፊያ ላይ ቆሜያለሁ፤ በኋላም ወደ ውስጥ ገብቼ ጠረጴዛ ይዣለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ስሙ ቢቀየርም ጠረጴዛው አንድ ነው።

ትውልዴ ፍስሐ ገነት ነው፣ ከይርጋ ጨፌ አለፍ ብሎ። ይህን የምሾካሾከውም ለእኛው ሰዎች ነው፤ ለዲላ፣ ለወናጎ፣ ለይርጋ ጨፌ፣ ለገደብ ልጆች፣ ካላችሁም ለመላው አበሻ። ጠረጴዛው ላይ እየበዛን ነዋ። ላስ ቬጋስ የእኛም ከተማ ሆኗል፤ ክላርክ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 አንዱን ሠፈር በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል፤ ከዳላስም ከዲሲም ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣው ብዙ ነው። ለሽያጭ ክፍሉ ደግሞ እኛ ምርጥ እንግዶች ነን። ባልና ሚስት ሁለታችንም እንሠራለን፣ ክሬዲታችንን እንጠብቃለን፣ ብዙዎቻችን ቤት ገዝተናል። ከሁሉም በላይ ሦስት ሰዓት ያስተናገደን፣ ቡና የቀዳልን፣ የልጆቻችንን ስም ያጠና ሰው ፊት «አይሆንም» ብሎ መነሣት ይከብደናል። ፈረንጆቹ ይሉኝታን በስም አያውቁትም፤ ዋጋውን ግን አሳምረው ያውቁታል።

ታይምሼር ማለት ባጭሩ በአንድ ሪዞርት ውስጥ በዓመት የተወሰነ ጊዜ የማደር መብት መግዛት ነው። ሲፈጠር ክፉ ሐሳብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ብሎ ቤት ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ ከመዝጋት ብዙ ቤተሰብ አንዱን ቤት በሳምንት በሳምንት ይካፈለው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1974 አር.ሲ.አይ. የተባለው የልውውጥ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ሲቋቋም የእኔን ሳምንት ባንተ መለወጥ ተቻለ። ዲዝኒ በ1991 ከተቆረጠ ሳምንት ይልቅ በየዓመቱ ለማደሪያ በሚመነዘር ነጥብ ይሸጥ ጀመር፤ ዛሬ ጠረጴዛው ላይ የምታገኙትም በአብዛኛው ነጥብ ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። «ዘጠና ደቂቃ ብቻ» ተብሎ የገባ ሰው ከዘጠና ደቂቃ በኋላ ገና ክፍሎቹን እየጎበኘ ነው። ከጉብኝቱ በፊት ግን አንዲት ወረቀት አለች፤ የሥራው እምብርት እሷ ናት። ሻጩ ብዕሩን አንሥቶ እንደ ዋዛ ይጠይቃል፦ ባለፉት ዓመታት የት የት ሄዳችሁ? ስንት ሌሊት አደራችሁ? ለሆቴል በሌሊት ስንት ከፈላችሁ? ወደፊትስ የት መሄድ ትመኛላችሁ? ደንበኛው ጨዋታ ይመስለዋል። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ቆይቶ ተባዝቶ ይመለሳል፤ በዓመት ለሆቴል ይህን ያህል፣ በሃያ ዓመት ይህን ያህል፣ የዋጋ ንረት ሲጨመርበት ደግሞ ይህን ያህል። «ይህን ሁሉ ገንዘብ ለሰው ሆቴል ከምትሰጡ የራሳችሁን ብትይዙስ?» ይላል። በየዓመቱ በእውነት ሆቴል ለሚያድር ሰው ይህ ሒሳብ ልብ ይነካል።

አንድ ቀን ከእኛው አገር የመጡ ባልና ሚስት ገቡ። ባል የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሚስት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት። ቋንቋቸውን ስለምችል እኔ ተጠራሁ። ሰላምታው፣ የማን ልጅ ነህ የማን ልጅ ነሽ መባባሉ ካለቀ በኋላ ወረቀቷን ዘረጋሁ።

«አምና የት ሄዳችሁ?»

«አምና እንኳን አልሄድንም። ካቻምና እናቴ ታማብኝ ዲላ ሄጄ ነበር» አለች ሚስት።

«የት አረፍሽ?»

«እንዴ! እናቴ ቤት ነዋ። የት ላርፍ ኖሯል?»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ያኔ ሠርግ ነበር፣ ሲያትል። እህቱ ጋ ነው ያረፍነው» ብላ ወደ ባሏ ዞረች። እሱም ቀጠለ፤ «ለኳሱ ደግሞ ዳላስ ሄደናል። አብሮ አደጌ ቤት፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን ነው ያደርነው።»

«ሆቴልስ?»

ተያዩ። «አዲስ አበባ አንድ ሌሊት» አለች ትንሽ አስባ፤ «በረራው አልገጥም ብሎ።»

ወረቀቷ ላይ አንድ ሌሊት ጻፍኩ። እስቲ አሁን አንድን በሃያ አባዙት። አለቃዬ ከኋላዬ መጥቶ አየና «ወደፊት የሚሄዱበትን ጠይቃቸው» አለኝ። ያለፈው ካልሸጠ ምኞት ይሸጣል፤ የቤቱ ደንብ ነው። ሃዋይ ተባለ፣ ኦርላንዶ ተባለ፣ ስፔን ተባለ፤ ወረቀቷ ሞላች። ልብ በሉ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዕቃው የሚሸጠው ወረቀት ላይ ላሉት ሰዎች ነው፣ ወንበር ላይ ለተቀመጡት አይደለም።

ስለዚህ ወደዚያ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ወረቀቷን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ሙሏት። ያለፉትን ዓመታት ጉዞ በሙሉ ጻፉ። ገንዘብ ከፍላችሁ ያደራችሁባቸውን ብቻ አክብቧቸው። ከዚያ ከወራት በፊት ቀኑን አውቃችሁ የሄዳችሁትን አስምሩበት። ሁለቱም ምልክት ያረፈበት ጉዞ በየዓመቱ ከሌለ፣ የቀረውን ባታነቡልኝም ቅር አይለኝም።

አማርኛ የሚችል ሻጭ ካለ ደግሞ አንዲት ዘዴ ትነገረዋለች፤ «እንደ ዕቁብ ነው በላቸው።» ይህን ስትሰሙ ጆሯችሁን አቁሙ። ዕቁብ የጣላችሁትን ያህል ታወጣላችሁ፤ ዳኛውን ታውቁታላችሁ፤ ዙሩ ሲያልቅ አለቀ። ታይምሼር ዙር የለውም። የገዛችሁበትን ከፍላችሁ ብትጨርሱም የጥገና ክፍያ የሚሉት በየዓመቱ ይመጣል፤ ሄዳችሁም ቀርታችሁም ይመጣል፤ ጭማሪው የእናንተን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ብዙ ውሎችም ማብቂያ ዓመት የላቸውም። ስፔን ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ50 ዓመት የሚበልጡትን እንዲህ ያሉ ውሎች ዋጋ አሳጥቷል፤ ኔቫዳ ግን ስፔን አይደለችም። «ኢንቨስትመንት» የምትለዋም ቃል ከአፍ ትወጣለች እንጂ ወረቀት ላይ አትገኝም። ውሉን ገልጣችሁ ካነበባችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ለትርፍ ብላችሁ እንዳልገዛችሁ የምታረጋግጡበት መስመር ላይ ራሳችሁ ፈርማችኋል።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው፤ ጠረጴዛው ላይ ሙሉውን የሚሠራላችሁ የለም። አሜሪካ ውስጥ አማካዩ ግዢ ከ20,000 ዶላር በላይ ነው፤ የጥገና ክፍያውም በአማካይ በዓመት 1,000 ዶላር ካለፈ ቆይቷል። ለምሳሌ ያህል ዋጋውን 24,000 እንበል። 2,400 ቅድሚያ ከፈላችሁ፤ ቀሪውን 21,600 ራሱ ሻጩ በ15 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት አበደራችሁ። ወለዱ ከቤት ብድር ይልቅ ወደ ክሬዲት ካርድ የተጠጋ መሆኑን እለፉት። በወር 348 ዶላር ገደማ ነው፤ ሲቀርብላችሁም «በቀን ከምሳ ዋጋ አይበልጥም» ተብሎ ነው። 10 ዓመት ሲሞላ ከቅድሚያው ጋር 44,000 ዶላር አልፏል። የጥገናውን ከ1,200 ጀምረን በዓመት 5 በመቶ ብናሳድገው በእነዚያው ዓመታት 15,000 ይጨምርበታል። ድምሩ 59,000 ዶላር ገደማ። በየዓመቱ አንድም ሳትቀሩ ሰባት ሰባት ሌሊት ብታድሩ አንዱ ሌሊት 840 ዶላር ገደማ ወጣበት ማለት ነው። ከ10ሩ ዓመት አራቱን አገር ቤት ሄዳችሁ ብትቀሩስ? አንዱ ሌሊት 1,400 ዶላር ይሆናል።

ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ቲኬቱ፣ ማመላለሻው፣ ቁርሱ፣ የመተላለፊያው ልጅ፣ የጠረጴዛው ሰው ኮሚሽን፣ ሁሉም እናንተ ላይ ነው የሚታሰበው። ለማሻሻጥ የሚወጣው ወጪ ከሽያጩ ዋጋ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል፤ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ትልልቅ ድርጅቶች የዓመት ሒሳብ ላይ የሚታይ ነገር ስለሆነ ምስጢርም አይደለም። ዛሬ የገዛችሁትን ነገ ልሽጥ ስትሉ ዋጋው ገደል የሚገባው ለዚህ ነው። ኢቤይ ላይ በ1 ዶላር የቀረበ ታይምሼር ማየት ብርቅ አይደለም፤ ሻጩ የሚፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ከጥገና ክፍያው መገላገል ነውና።

«የእኛ ጉዞ እኮ አንድ ዓይነት አይደለም» ስትሉ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፤ «ነጥብ የትም ይሄዳል!» እውነት ነው፣ ይሄዳል። በሄደ ቁጥር ግን ይቀንሳል። ሙሉ ዋጋው ያለው በራሱ በድርጅቱ ሪዞርቶች ውስጥ ነው። ወደ ልውውጥ ሲሻገር የዓመት አባልነት ይከፈልበታል፤ ለእያንዳንዱ ልውውጥም ብዙውን ጊዜ ከ200 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ወደ ተራ ሆቴል፣ ወደ አውሮፕላን ቲኬት፣ ወደ መርከብ ጉዞ ሲለወጥ ደግሞ አንዳንዴ ለዚያ ዓመት የከፈላችሁትን የጥገና ክፍያ ያህል እንኳን አያወጣም። ጥሩ ሻጭ በዚህ ጉዳይ አይዋሽም፤ ብቻ አያነሣውም።

የእኛን ሰው አካሄድ ደግሞ እዩት። የኳሱ ሳምንት አለ፤ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በጁላይ 4 ሰሞን የሚያዘጋጀው። ከተማው ይዞራል፤ አንዱን ዓመት ሲያትል፣ ሌላውን ዳላስ፣ ሌላውን አትላንታ። ሪዞርቶቹ የታጨቁት ግን ኦርላንዶ፣ ላስ ቬጋስ፣ ሃዋይና መርትል ቢች ነው። ያ ሳምንት በነጥብ ሠንጠረዡ ላይ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ጥሩ ጥሩው ክፍልም ከዓመት በፊት ጀምሮ ይያዛል። ሠርግና ክርስትናማ አይነሣም። አበሻ የሠርግ ጥሪ ከዓመት በፊት ልኮ ያውቃል?

ዋናው ጉዞ ግን አገር ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ ነጥብ አያውቅም። ጥር ላይ ለጌዴኦው የደራሮ በዓል ዲላ ልገኝ ያለ ሰው የሚያስፈልገው የአውሮፕላን ቲኬት፣ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነዳ ሹፌርና ለእናት የሚሰጥ ጋቢ ነው። በቡና ለቀማ ወቅት ከደረሰ ፍስሐ ገነት ላይ ባዶ ክፍል አይጠብቀው፤ ያኔ ቅድሚያው የቡናው ነው፣ እንግዳ ይጠጋጋል። አልጋ ልያዝ ካለ ዲላ ወርዶ ይይዛል፤ የሚከፍለውም በብር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። የአልጋው ዋጋ ቢጨምርም ዶላር ይዞ ለመጣ ሰው ዛሬም አይከብድም። ዶላሩ ኦርላንዶ የጥገና ክፍያ ላይ የታሰረበት ሰው ግን ቲኬቱንም እየተበደረ ይቆርጣል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ «ዘንድሮስ ልጆቼን ወስጄ የጨልባ ቱቲቲን ትክል ድንጋዮች ላሳያቸው» ያለ ወላጅ ስንት ነበር? ብዙው ገና አልሄደም፤ አንዳንዱ ያልሄደው በየወሩ የሚቆረጥበት ስላለ ነው።

መርዶም አለ። ስልኩ በሌሊት ይጮኻል፤ በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ናችሁ። የዓመት ፈቃዳችሁ ለቅሶ ላይ ያልቃል፤ ፍሎሪዳ በስማችሁ የተያዘው ሳምንት ባዶውን ያልፋል። ቀኑ ሲቃረብ የተሰረዘ ቦታ ነጥቡ ወይ ተቀንሶ ይመለሳል፣ ወይ ጭራሽ አይመለስም። ወረቀቷ «ለለቅሶ የሄዳችሁበት» የሚል መስመር የላትም።

እዚህ ላይ ከመስመር ልውጣ። ብዙዎቻችን በዚያው ገንዘብ ወላጅ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል እንሠራለን። በብዙ ዓመት ውስጥ ጥቂት ሳምንት እናድርበታለን፤ በቀረው ጊዜ የወንድም ልጅ ያጠናበታል፣ ቡናም ይከማችበታል። በሽያጭ ክፍሉ ሒሳብ ይህም ኪሳራ ነው። ቢሆንም ቦታ ለማስያዝ ማንም አይደውልም፤ ግቢው ውስጥ ሁልጊዜ ቁልፍ የያዘ ሰው አለ።

እነዚያን ባልና ሚስት ልጨርስላችሁ። «እናስብበት» ሲሉ ሁለተኛ ሰው መጣ፤ ሻጭ አይመስልም፣ «ሥራ አስኪያጅ» ነው የሚባለው። ዋጋውን ቆርጦ ጣለው፣ «ዛሬ ብቻ» ብሎ። ይህን ልንገራችሁ፤ «ዛሬ ብቻ» የተባለው ዋጋ ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ። በመሃል ከወዲያኛው ጠረጴዛ ጭብጨባ ተነሣ፤ አንድ ሰው ፈርሞ ነው። ባልየው ማመንታት ጀመረ፣ ብዕሩንም ነካ አደረገው። ሚስት በአማርኛ ወደ እኔ ዞራ፣ «ወንድሜ፣ እኛ እኮ የምንሄደው ስንጠራ ነው» አለችኝ። ለአለቃዬ የሚተረጎም መልስ አልነበረም፤ «አልፈለጉም» ብዬ አለፍኩት። ስጦታው በሚታደልበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ሰው የሙከራ ጥቅል ይዞ ጠበቃቸው፤ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ሲያልቅ መልሶ ዋናው ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ። እሱንም አለፉት። ቲኬታቸውን ይዘው ወጡ።

ታዲያ ለማን ይሆናል? ለአንዳንዱ ይሆናል፣ አልክድም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየዓመቱ አንድ ቦታ የሚመላለስ፣ ቀኑን ከዓመት በፊት የሚያውቅ፣ ሁለት መኝታና ማድ ቤት ያለው ክፍል የሚፈልግ ቤተሰብ አለ። አያት ከዲላ መጥታ አብራ ስትሆን ተራ ሆቴል ውስጥ ሽሮ አይሠራም፤ ሪዞርቱ ግን ምድጃና ድስት አለው፣ ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው እንኳ ከጠረጴዛው አይግዛ። ከቀድሞ ባለቤት በጣም በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። አንዳንድ ድርጅት ከሁለተኛ እጅ ለገዛ ሙሉውን ጥቅም ስለማይሰጥ የሚቀረውን አስቀድሞ ይጠይቅ። ከሁሉም የሚሻለውን ደግሞ ሻጮች ለራሳቸው ዘመድ ነው የሚነግሩት፤ ሳትገዙ ከባለቤቶች ሳምንታቸውን ተከራዩ። የጥገና ክፍያውን ለመመለስ ብቻ ርካሽ የሚያከራይ ባለቤት ሞልቷል። ዘንድሮ ኦርላንዶ፣ ከርሞ ዲላ፣ በሚቀጥለው ምንም፤ ማንም አይጠይቃችሁም።

የፈረማችሁ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ቀን ቁጠሩ። ሕጉ የመሰረዣ ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ኔቫዳ ውስጥ 5 ቀን፣ ካሊፎርኒያ 7፣ ፍሎሪዳ 10፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14። የኔቫዳው ቅዳሜና እሑድንም ስለሚቆጥር ሐሙስ ፈርሞ ቅዳሜና እሑድን ሲዝናና የቆየ ሰው ማክሰኞ እኩለ ሌሊት አለቀበት። ምክንያት መስጠት አይጠበቅባችሁም። ውሉ ውስጥ የተጻፈውን አድራሻና አሰራር ተከትላችሁ በአደራ ፖስታ ላኩ፤ ደረሰኙንም አኑሩት። ለሻጩ ደውላችሁ አትንገሩ፤ የሱ ሥራ ቀኑ እስኪያልፍ ማባበል ነው።

ቀኑ ካለፈ ደግሞ ሌላ ዓይነት ስልክ ይመጣል። «ታይምሼራችሁን የሚገዛ ሰው አለ፤ ቅድሚያ ይህን ክፈሉ።» አትክፈሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ግምጃ ቤት በዚህ ዓይነት ማጭበርበር ሜክሲኮ፣ ፖርቶ ቫያርታ አካባቢ ያሉ ድርጅቶች ላይ ማዕቀብ ሲጥል ከጀርባ የሃሊስኮ የዕፅ ካርቴል እንዳለ ነው የገለጸው። ብድሩ ያለቀለት ውል ካላችሁ መጀመሪያ የምትደውሉት ለራሱ ለድርጅቱ ነው። ከትልልቆቹ ብዙዎቹ መልሰው የሚረከቡበት አሰራር አላቸው፣ አያስተዋውቁትም እንጂ። «ውሉን መልሳችሁ ትረከቡኛላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በስልክ የነገሯችሁንም በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ አድርጉ።